በረዶ ለአልጣሽ በሬ

ላቀው ከባሕር የተመለሰ ሰሞን አጥቢያው በሙሉ ሊያየው ጎርፎ ነበር። ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከጋይንት፣ ከጉና ሥር ተነሥቶ ምጽዋ ወርዶ፣ በመርከብም ዓመታት ተንከራትቶ የተመለሰ ሌላ ሰው ባገሩ አይታወቅም። ሰዉ የጠበቀው ስለ ዓሣ ነባሪ እንዲያወራለት ነው። ምነው ስለ ዓሣ ነባሪ ባወራ! እሱ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያወራው ስለ በር ነው።

በሩ የብርድ ቤት በር ነው። ላቀው በመርከቡ ላይ የሠራው ከወጥ ቤቱ በታች፣ ሥጋውና ቅቤው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ውጭው ቀይ ባሕር ነው፤ የመርከቡ ብረት እግር ያቃጥላል። ውስጡ ግን ሰው ካፖርት ለብሶ፣ ጆሮውን ጠቅልሎ ነው የሚገባው።

«ታዲያ ብርዱን ከየት አመጡት?» አለ ጎረቤቱ ቢሻው። ቢሻው ነገር ሰምቶ ሳያላግጥ የዋለ ቀን ራሱን ያመዋል ይባላል።

«ከየትም አላመጡት። ሙቀቱን አውጥተውት ነው።»

«ማን አወጣው?»

«ሞተር።»

«ሞተሩ ይሞቃል ብለኸን አልነበር?»

«አዎ፣ ይሞቃል።»

«የሚሞቅ ነገር አስነሥተው ቤቱን አቀዘቀዙት በለኛ!» ቢሻው ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ? እኛም ምድጃ የምናነደው እንዲበርደን ኖሯል!»

ሰዉ ሣቀ። ላቀው ግን አልተቆጣም፤ ቢሻውን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የሞተሩ ሹም ስለነበረው ስለ ግሪኩ ስለ ስታቭሮ ማውራቱን ቀጠለ። ስታቭሮ ሌላ ጠላት አልነበረውም፤ ጠላቱ ያ በር ነው። ወጥ ቤቶቹ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ከፍተው ሲያወሩ ባየ ቁጥር ከታች እየሮጠ ይመጣል። «ዝጋ! ናፍታዬን ጠጣችሁት!» ይላል። የገባው ሙቀት ተመልሶ እስኪወጣ ሞተሩ መሥራት አለበት፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ናፍታ ይሄዳል። ስለዚህ የስታቭሮ ጥበብ ሁሉ ሞተሩ እንዳይደክም ማድረግ ነበር፦ በሩ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ቡሽ የተጠቀጠቀበት፣ ትኩስ ነገር የማይገባበት፣ አንዴ ከተዘጋም የማይከፈት። ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ፣ ይል ነበር ስታቭሮ፣ መርከቡን በብርድ ቤቱ ትራፊ ናፍታ ሕንድ ባደረስኩት።

ይህ ትምህርት ላቀው አጥንት ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው አስቀድሞ በሩን ይዘጋል። ጢሱ አፍኖት፣ ባለቤቲቱ ዓይኗ እያለቀሰ «ተው እባክህ ክፈተው» ብትለውም፣ እሱ እጁ አያርፍም። ሰዉም «ላቀው ዝጋው» የሚል ስም አወጣለት።

ዘግቶት የማያውቅ አንድ በር ብቻ ነበር፤ የአልጣሽ። የሷን በር ያልዘጋው ከአጥሯ አልፎ ስለማያውቅ ነው። አልጣሽ ባሏ የሞተባት፣ ፊቷ ሲፈካ ደመና የሚገፍ፣ አንደበቷ ግን እንደ ማጭድ የተሳለ ሴት ናት። ላቀው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እንዴት አደርሽ» ይላል፤ እሷም ከውስጥ «እግዜር ይመስገን፣ አንተስ» ትላለች፤ እሱ ደግሞ «እግዜር ይመስገን» ብሎ፣ የሚጨምረው ነገር ጠፍቶት፣ አጥሩን እየነቀነቀ ጠንካራ መሆኑን አይቶ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። አጥሩን ቆሞ የጠበቀ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ደመወዝ ይከፈለው ነበር።

እንግዲህ በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የአልጣሽ በሬ ዳለቻ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሲግጥ ጭቃው ከድቶት ወደቀ። የፊት እግሮቹ ተሰበሩ። ሰው ሮጦ ሲደርስ እያጓራ ነበር። ሳይባረክ ከሞተ ሥጋው የማንም አይሆንምና፣ ቢሻው «በስመ አብ» ብሎ ባረከው።

አልጣሽ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም። ቀሪው በሬዋ ቦራ ከላይ ቆሞ ጓደኛውን ያያል።

በደኅናው ጊዜ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። በሬ የተሰበረበትን ሰው አጥቢያው ሥጋውን ተከፋፍሎ ይወስድለትና በምትኩ ተረዳድቶ ወይፈን ይገዛለታል። አሁን ግን ጾም ነው፤ ማን ሥጋ ወስዶ ምን ያደርገዋል? ቋንጣ እንዳይደረግ ፀሐይ የለም፤ ሰማዩ ካለቀሰ ወሩን ይዟል። ሥጋው ከበሰበሰ ወይፈኑ የለም። ወይፈኑ ከሌለ አልጣሽ በአንድ በሬ መሬቷን ማረስ አትችልም፤ ለባሏ ወንድም ለእኩል እርሻ መስጠት ነው። የባሏ ወንድም ደግሞ ያችን መሬት ሲመኝ ኖሯል፤ አንዴ ሞፈሩ ከገባበት የሚወጣ ሰው አይደለም።

«እግዜር ያመጣውን...» ብለው ጀመሩ የነፍስ አባቷ አባ ገብረ መድኅን፤ መጨረስ ግን አልቻሉም።

ያኔ ነው ላቀው አፉ ያመለጠው።

«እኔ አቆይላታለሁ» አለ። «እስከ ፍቺው። በረዶ ባገኝ ብቻ!»

ሰዉ ሁሉ ወደሱ ዞረ። የአንዲት ሴትዮ እጅ ወደ አፏ ሄደ። ነሐሴ ላይ ገብሱ ሊያሸት ደርሶ፣ መንደሩ ሁሉ ጠዋት ማታ ምህላ ይዞ እንዳይመጣ የሚለምነው ነገር ቢኖር በረዶ ነው። እነሆ አንድ ሰው በአደባባይ ቆሞ ተመኘው።

«ልጄ» አሉ አባ ገብረ መድኅን ቀስ ብለው፣ «ትናንት እኔ ከስግደት ብዛት ጉልበቴ የተላጠው ለምን ይመስልሃል?»

«ይፍቱኝ አባ! እዚህ ይውረድ አላልኩም። ከላይ፣ ከጉና፣ እርሻ ከሌለበት። ጅብራ ከሚበቅልበት በላይ በየሸለቆው ተከምሮ ይገኛል፤ የወረደውን ላምጣ ነው የምለው።»

አባ አሰቡ። «የወረደውን ነው?»

«የወረደውን ብቻ።»

«የወረደውንስ ውሰድ» አሉ። «ለሱ ምህላ አልያዝንም።»

«አህያዬን ውሰድ» አለ ቢሻው። «እኔም እመጣለሁ። አህያዬ ከእብድ ጋር ብቻዋን ስትሄድ ሆዴ አይችልም።»

አልጣሽ ቀና ብላ ላቀውን አየችው። ላቀውም ያን ዓይን ይዞ ነው ጉናን የወጣው፤ ቢሻው ምስክር ሆኖ እንደሚያወራው፣ አህያዋን እንኳ ቀድሟት ነበር።

ከመሄዱ በፊት ግን ሥጋውን ትልልቅ ብልት አድርገው ነፋስ በሚያገኘው አለት ሥር ሰቀሉት። ሴቶቹ «ለምን ወዲያው አይገባም?» አሉ። ትኩስ ሥጋ ወደ ብርድ ቤት ይዞ ሲገባ ያየውን ሰው ስታቭሮ በብሎን መፍቻ እንዳባረረው ነገራቸው። የሥጋው ሙቀት በጋይንት ነፋስ ይውጣ፤ ነፋሱ በነጻ ነው። በረዶው የሚለፋው ነፋሱ ለተወው ብቻ ይሁን።

ብርድ ቤቱ አልጣሽ ግልገል ታስጠልልበት የነበረ ጠባብ ዋሻ ሆነ። ላቀው ወለሉን ወደ ደጅ አዘንብሎ ቆፈረና የሚቀልጠው ውኃ የሚወጣበት ቀጭን ቦይ አበጀ፤ ቦዩ ከበሩ ሥር ወጥቶ፣ በሳማው መካከል አልፎ፣ ከታች ካለ ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ይንጠባጠባል። በሩን ከርብራብ እንጨት ሁለት ድርብ አድርጎ ሠራ፤ መካከሉን የገብስ ገለባ ጠቀጠቀበት። ቡሽ ከየት ይመጣል? ከላዩም አልጣሽ ያመጣችውን አጎዛ ሰፋበት። ከጉና የመጣውን በረዶ ከየስልቻው እየዘረገፉ፣ ገለባ እያለበሱ፣ ሥጋውን በርብራብ ላይ ከመሬት አንሥተው ደረደሩት።

«አሁን» አለ ላቀው ላቡን እየጠረገ፣ «እስከ ፍቺው አይከፈትም።»

ይህን ብሎ አረፍ ሊል እንኳ አልታደለም። ጠዋቱን አስተዛዛኙ መጣ።

በሬ የሞተበትን ሰው ሄዶ «እግዜር ይተካ» ሳይሉ መቅረት በጋይንት ነውር ነው። የሩቅ ዘመድ ከአርብ ገበያ በኩል ሳይቀር ከተፍ አለ። ሁሉም «እግዜር ይተካልሽ» ይላል፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ በሞቴ፣ ልየው» ይላል። ሐዘንተኛ ሆኖ የመጣን ሰው ማን ይከለክላል? አንዱ ይገባል፤ በሩን በጀርባው ደግፎ «ኧረ ና እይ!» ብሎ ሌላውን ይጠራል። ላቀው ዓይኑ ፈጠጠ። እነዚያ ወጥ ቤቶች ነጠላ ለብሰው ከመርከቡ ተከትለውት የመጡ መሰለው።

«ዝጉት! ኧረ ስለ ማርያም ዝጉት!»

«እንዴ፣ ሰው ለሐዘን መጥቶ ይሰደባል?» አለች አንዲት አሮጊት፣ በሩ ውስጥ እንደቆመች።

ከቦዩ የሚንጠባጠበው ውኃ ፈጠነ፤ ቀጥሎም መፍሰስ ጀመረ። ላቀው እየሮጠ ወደ አባ ገብረ መድኅን ሄደ።

«አባ፣ በረዶው በወሬ እያለቀብኝ ነው።»

አባ ነገሩን ሰምተው መቋሚያቸውን አነሡ። ከዋሻው ደጅ ቆመው ሰዉን ቃኙት። «ይህን በር» አሉ፣ «ፍልሰታ ተፈትቶ እኔ ራሴ እስክከፍተው ድረስ የከፈተ፣ ያስከፈተ፣ በስንጥቁም ያጮለቀ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቃል ግዝት ይሁን!»

ሰዉ በአንድ ጊዜ ከበሩ አፈገፈገ። አሮጊቷም ወጥታ አማተበች። ስታቭሮ ያን ሁሉ ዓመት ጮኾ ያላገኘውን አባ ገብረ መድኅን በአንድ ትንፋሽ አገኙት። ላቀው በሆዱ፣ በየመርከቡ አንድ አንድ የጋይንት ቄስ ቢሳፈር ስንት በርሜል ናፍታ ይተርፍ እንደነበር አሰበ።

ያላሰበው ነገር ቢኖር ግዝቱ እሱንም እንደሚይዝ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን በኩራት ዋለ። በሁለተኛው ቀን ግን መቀመጫ አጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ጆሮውን አጎዛው ላይ ይለጥፋል። አልጣሽ ቆሎ በቁና ይዛ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ትሰማለህ? ዳለቻ ይጠራሃል?»

«ትንሽ አየት ባደርግ...»

«ግዝት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞስ ሊያይ የሚከፍት ሰው ነው ብርዱን የሚጨርሰው ያልከው አንተ አይደለህም?»

ላቀው ቆሎውን ቆረጠመ። በመርከቡ ላይ ከበሩ ውጭ የብርዱን ልክ የሚያሳይ መርፌ እንደነበረ ነገራት፤ እዚህ ግን መርፌውም፣ ሞተሩም፣ ናፍታውም ያ ጠብታ ነው። ከድንጋዩ ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ እስከወረደ ድረስ በረዶው ውስጥ አለ ማለት ነው።

«ጠብታውን ልጠብቅ እንግዲያ» አለች አልጣሽ። «አንተ በሩን ጠብቅ፣ እኔ ደግሞ አንተን።»

እንዲህ ተቀምጠው ሲውሉ ስለ ባሕሩ ጠየቀችው። ስለ ዓሣ ነባሪ እንዳይደለ ልብ በሉ። «ያን ሁሉ ጊዜ ውኃ ላይ ሆነህ ማን ያጥብልህ ነበር? ማንስ ያብስልህ?» ነው ያለችው። ላቀውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ በር ሳያነሣ ብዙ አወራ።

በፍቺው ዋዜማ ጠዋት ጠብታው ቆመ።

ላቀው ደርቆ ቀረ። ድንጋዩን ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። «አለቀ» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «በረዶው አለቀ። ዛሬ ሲሞቅ ይውላል፣ ነገ...» ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩ የተደገፈበትን ድንጋይ ያዘ።

አልጣሽ ቀድማው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። በሬው የሷ፣ መሬቱም የሷ ነው።

«አባን ላስፈታ!»

«ቅዳሴ ላይ ናቸው።»

«አልጣሽ፣ ቢበላሽብሽስ?»

«ብትከፍተውስ ምን ታደርገዋለህ? እፍ ትልበታለህ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። «አልቆ እንደሆነ ስላየኸው አይመለስም። አላለቀ እንደሆነ አንተ ትጨርሰዋለህ። ቁጭ በል አንተ ሰው።»

ስታቭሮ ራሱ እንዲህ አድርጎ አላስረዳውም። ላቀው ድንጋዩን ለቀቀ። ቁጭ ማለት ግን አልሆነለትም፤ ከበሩ ሥር ጀምሮ ቦዩን በእጁ እየዳበሰ ቁልቁል ወረደ። ሳማው እጁን ለበለበው። ከበሩ ሥር ያለው እርጥብ ነው። ትንሽ ዝቅ ሲልም እርጥብ ነው። ከዚያ ከሳማው መካከል እጁ አንድ ክብ ነገር ነካ።

ገንቦ ነው። አፉ በቅጠል የተከደነ ትንሽ የጠላ ገንቦ ቦዩ ውስጥ ተሰንቅሮ ተቀምጧል፤ ከኋላው ውኃው ታቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ መሄጃ አጥቶ ወደ ሳማው ሥር ይፈስሳል።

ላቀው ገና ገንቦውን አቅፎ ሳለ ቢሻው ዋንጫ ይዞ፣ እያፏጨ፣ በሳማው ዳር ብቅ አለ። ሁለቱን ሲያይ ፉጨቱ ቆመ።

«እእ... አህያዬን ፍለጋ...» አለ።

«በዋንጫ?» አለች አልጣሽ።

ቢሻው ዋንጫውን አየው፤ ሰማዩን አየ። «እንግዲህ ምን ታደርጉኛላችሁ! ‹ካፒቴኑ ቢራውን ከብርድ ቤት አውጥቶ ሲጠጣ፣ ካፒቴኑ ቢራውን ከብርድ ቤት አውጥቶ ሲጠጣ› እያለ ስንት ጊዜ ያደረቀኝ እሱ ነው። እኔስ ሰው አይደለሁም? በሩን አልነካሁም፤ ግዝቱ ስለ ውኃው አላነሣም።»

ላቀው ገንቦውን አስቀምጦ ተጠመጠመበት፤ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመው።

«በስመ አብ!» አለ ቢሻው እየሸሸ። «በሬ የሞተባት እሷ፣ ያበደው እሱ!»

ታች ድንጋዩ ላይ ጠብ አለ። ቆየት ብሎ እንደገና ጠብ አለ። አልጣሽ ከበሩ ሥር ተንሸራታ ተቀመጠች፤ ሳቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቢሻው ለካሣ ጠላውን ቀዳላቸው። በጋይንት የነሐሴ ጭጋግ ውስጥ በበረዶ የቀዘቀዘ ጠላ ጠጡ፤ ሦስቱም ጥርሳቸውን ያዙ።

«ይህን ለመጠጣት ነው ባሕር ድረስ የሄድከው?» አለች አልጣሽ።

«እዚያ ይሞቃል» አለ ላቀው፣ ራሱን ለማዳን።

ፍቺው እሑድ ዋለ። ከቅዳሴ መልስ አጥቢያው በሙሉ ዋሻው ደጅ ተሰበሰበ፤ የባሏ ወንድምም መጥቶ ዳር ቆሟል፣ አፍንጫውን አስቀድሞ። አባ ገብረ መድኅን «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ግዝቱን ፈቱ፤ ድንጋዩ ተነሣ፤ በሩ ተከፈተ። አባ አንገታቸውን አስገቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«አባ!» ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ከኋላ። «በሩን! ብርዱ እኮ አለቀ!»

የጮኸው ቢሻው ነው። ራሱም ደንግጦ አፉን ያዘ፤ ሰዉ በሣቅ ፈነዳ።

አባ ቀና አሉ። ጺማቸው ላይ ገለባ አለ። «ይህ በሬ» አሉ፣ «ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

ሥጋው ቀይ፣ ጽኑ፣ ሽታ የሌለው ነበር፤ ከገለባው ሥር የተረፈ በረዶም ተገኘና ልጆች ተሻሙት። አጥቢያው ተከፋፈለ፣ ለደጀ ሰላሙም ድርሻ ተላከ። የባሏ ወንድምም ድርሻውን ወስዶ፣ እንደሌላው ሁሉ ለወይፈኑ አዋጣ፤ በሰው ፊት ምን ያድርግ? በቀጣዩ ሳምንት አንድ ጥቁር ወይፈን ከንፋስ መውጫ ገበያ መጥቶ ከቦራ አጠገብ ታሰረ። ቦራ አሸተተውና ፊቱን አዞረ፤ ቆይቶ ግን ከአንድ የገለባ ክምር በሉ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ላቀው የአልጣሽን አጎዛ ከበሩ ፈትቶ፣ ገለባውን አራግፎ፣ ጠቅልሎ አመጣላት። እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«እንዴት አመሸሽ።»

«እግዜር ይመስገን» አለች ከውስጥ። «አጎዛውን አምጥተኸው ነው?»

«አዎ። እዚህ አጥሩ ላይ ልስቀልልሽ?»

«አጥር ላይ ምን ይሠራል? አጎዛ እኮ መቀመጫ ነው። ይዘኸው ግባ።»

ላቀው አጥሩን አንዴ ነቀነቀው። ጠንካራ ነው። ከዚያ አለፈው። ግቢውን አቋረጠ፣ ጎንበስ ብሎ ከመቃኑ ሥር ገባ፣ አጎዛውን እንዳቀፈ እዚያው ደፉ ላይ ቆመ። ከኋላው የጉና ነፋስ እየተንጎራደደ ይገባል፤ የምድጃው እሳት ወዲህና ወዲያ ይላል።

«ላቀው» አለች አልጣሽ፣ «ምን ቆመህ ትቀራለህ? በሩን ዝጋው እንጂ፣ በረደን።»

ስታቭሮ ያሠለጠነው፣ ጋይንትን ሁሉ ያስመረረው ያ ሰው ዞሮ መዝጊያውን ያዘ፤ በየት በኩል እንደሚዘጋ ግን ለጊዜው ጠፋበት።